ቅመም ሳትጨምሪ

ስለ ቲቸር ሳወራ ሁሌም ከወንበሮቹ ነው የምጀምረው። ሰው «ወንበር ደግሞ ምን አገባው?» ይለኛል። ቆይ፣ አስጨርሱኛ! ነገሩ ሁሉ የመጣው እኔ መስኮቱ ጋ ያለውን ወንበር ቀድሜ ስለያዝኩ ነው።

በሚያማክሩበት ክፍል ሦስት ወንበሮች አሉ። አንዱ የራሳቸው ነው፤ የክንዱ ቆዳ ተላልጦ ስፖንጁ ብቅ ብሏል። ሁለቱ የእንግዳ ናቸው፤ አንዱ በስተቀኛቸው መስኮቱ ጋ፣ ሌላው በስተግራቸው ግድግዳው ጋ። ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት ስትቀቀል የምትውል ሴት መስኮት ካየች አትለቅም፤ ዘው ብዬ ተቀመጥኩበት። ባሌ ወደ ግድግዳው ሄደ። ልማዱ ነው፣ የተረፈውን ነው የሚወስደው። ቲቸር አንዴ እሱን አንዴ እኔን አዩና የሆነ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ተዉት። ያኔ ልብ አላልኩትም።

አማካሪ ዘንድ ምን ወሰዳችሁ አትሉኝም? እኔ የሆስፒታል ላውንደሪ ሠራተኛ ነኝ። አንሶላው፣ የትራስ ልብሱ፣ የሐኪሙ ጋውን፣ ሁሉም በእጄ ያልፋል። ማሽኖቹ ሲነሱ አጠገብሽ የቆመችው ሴት እንኳ ካልጮኽሽ አትሰማሽም፤ ስለዚህ እንጮኻለን። የሌላው ጩኸት ሥራ ቦታ ይቀራል፣ የእኔ ቤቴ ድረስ ይሸኘኛል። ጎረቤቶቼ ከሩቅ ሲሰሙኝ «መጣችላችሁ፣ ሬዲዮኑን ዝጉት» ይላሉ። ይበሉ! አፍ የተሰጠኝ ላወራበት ነው።

ባሌ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ የቤታችን የፊተኛው ክፍል ነው፤ ከእኛ የሚለየው አንድ በር ብቻ ነው። እጁን ካያችሁ ወርቅ ነው፤ የእሱን ስፌት የለበሰ ሰው ሌላ ዘንድ አይሄድም። ጣጣው ያለው አፉ ላይ ነው። ሥራ ከጀመረበት ቀን አንስቶ ስፒሎቹን የሚያስቀምጠው በከንፈሮቹ መሃል ነው። ሲናገርም ቃሉን በስፒሎቹ ሥር አሾልኮ ነው። ስፒሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ከንፈሩ አይላቀቅም። እምም፣ እምምም። በቃ፣ ጨዋታው ይኼው ነው። ዝምታ ወርቅ ነው ያለ ሰው መጥቶ ከባሌ ጋር አንድ ሳምንት ይክረም።

ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት እንዴት ኖራችሁ ካላችሁኝ፣ በልጃችን ነዋ! ያለችን እሷ ብቻ ናት። አፏን ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ በእኔና በእሱ መሃል ስትመላለስ አደገች። «እማዬ፣ አባዬ ሾርባው ጨው በዝቶበታል አለ።» «አባዬ፣ እማዬ ካልጣመህ ነገ አንተ ሥራው አለች።» የእሱን እምምታ የምትፈታው እሷ ነበረች፤ ከየት እንደተማረችው እንጃላት። ደግሞ ብልህ ናት። ክፉውን መንገድ ላይ ጥላ ደጉን አሳምራ ነው የምታደርሰው። ስንቱን ስድባችንን በዚያች በር ሥር እንደቀበረችው እሷው ናት የምታውቀው።

እሷ አግብታ ሌላ ከተማ ሄደች። ጨዋ ልጅ ነው ያገኘችው፣ ደስ ብሎኛል። ግን እኔና ባሌ ራት ላይ ፊት ለፊት ስንቀመጥ መሃላችን ማንም የለም። «እምም» አለ። «ምን?» አልኩ። «እምምም» አለ። «ተወው በቃ» አልኩት። ተወው። ከዚያ ወዲህ እኔ ብቻዬን ማውራት፣ እሱ ብቻውን ዝም ማለት ሆነ ኑሯችን።

ይኼንንስ እችለው ነበር። አንጀቴን የቆረጠው የስፌት መኪናው ነው። ከሥራ ስመለስ ገና ከመንገዱ ይሰማኛል፣ ተረረረ እያለ። በሩን ከፍቼ «ኧረ ዛሬስ ወገቤ ተቆረጠ!» ስል፣ ቀጥ! መኪናው ይቆማል። አንድ ቀን ቢሆን ምናለ፣ በየቀኑ ነው። የምለውን ብዬ ስጨርስ ተመልሶ ይነሳል። ይኼ ምን ማለት ነው? ድምፄ እጁን እስኪያስረው ድረስ አስጠልቶታል ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ሰው ድምፁ ከተጠላ ሌላ ምኑ ይወደድለታል? ብቻዬን ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ሳለቅስም ድምፄ ትልቅ ነው፣ ምን ላድርገው።

ልብሴን በሻንጣ ሞልቼ አልጋ ሥር ከተትኩና ልጄ ዘንድ ደወልኩ።

«መጥቼ አንቺ ጋ ልኖር ነው» አልኳት።

«ነይ እማዬ፣ ቤቴ ቤትሽ ነው። ግን አባዬን ጠየቅሽው? ምን አለ?»

«አንቺ ደውለሽ ጠይቂልኝ።»

«አልጠይቅም!» አለች። ያቺ ለስላሳ ልጄ! «እማዬ፣ እኔ የእናንተ የስልክ ሽቦ አይደለሁም። አሁን የራሴ ቤት አለኝ። ከሁለታችሁ ጋር የሚቀመጥ ሰው ፈልጉ።» ይህን ብላ የአንዲት አማካሪ አድራሻ ላከችልኝ።

ባሌን «ቅዳሜ አማካሪ ጋ እንሄዳለን!» አልኩት። «እምም» አለ። እሺ ይሁን እምቢ ማን ያውቃል፤ ቅዳሜ ግን ጫማውን ጠርጎ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፣ ሄድን። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ቁርጤን ማወቅ። ሂጂ ይበለኝ ወይም ቅሪ ይበለኝ፣ ብቻ ከራሱ አፍ ልስማው።

ቢሮው ከፋርማሲ በላይ ነው፤ ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስወጣም። የተጣላ ባልና ሚስት ተከታትሎ እንዲወጣ አስበው የሠሩት ይመስላል። በሩ ላይ «የምክር አገልግሎት፤ ለግለሰብ፣ ለጥንዶች፣ ለቤተሰብ፣ ለቡድን» የሚል ታፔላ አለ። «ለቡድን» የሚለው ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎበታል። «ምነው፣ ቡድኑ ተደባደበ እንዴ?» ብዬ እንግዳ ተቀባይዋን ጠየቅኳት። ሳቀች እንጂ አልመለሰችልኝም።

ቲቸር ስማቸው አይደለም፤ ሰው ሁሉ የሚጠራቸው ነው። አማካሪ ከመሆናቸው በፊት ዕድሜያቸውን አንደኛ ክፍል ሲያስተምሩ ነው የኖሩት። ከእኔ ጋር አንሶላ የምታጥፈው ጓደኛዬ ፊደል የቆጠረችው እሳቸው ጋ ነው፤ «ጠመኔ በነካው እጃቸው ራሴን ሲዳብሱኝ እናቴ ፀጉሬን እንዳታጥበው እደበቅ ነበር» ትላለች። እንዴት አማካሪ እንደሆኑ ራሳቸው ናቸው የነገሩን። ልጅ ሲያስቸግር ወላጅ ይጠራል። ወላጅ ይመጣና ስለ ልጁ ሁለት ቃል ተናግሮ ስለ ራሱ ማልቀስ ይጀምራል። ቲቸር የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው ያዳምጣሉ፤ ዘበኛው «ቲቸር፣ በሩን ልዝጋው እባክዎ» ብሎ እስኪለምናቸው። «እሰማለሁ፣ አባብዬ እሸኛለሁ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ 'ምን ጠቀምኳቸው?' እያልኩ እናደዳለሁ» አሉን። ንዴቱ ሲብስባቸው ፀጉራቸው መሸበት ከጀመረ በኋላ ኮሌጅ ገቡ። እዚያ አጠገባቸው የተቀመጠው ተማሪ አንደኛ ክፍል ያስተማሩት ልጅ ሆኖ ተገኘ። አንዳንዴ ከእሱ ላይ ይቀዱ ነበር አሉ! ሲያወሩት እንደ ሕፃን ይስቃሉ።

አስተማሪነቱ ግን አለቀቃቸውም። ሁለት ሰው እኩል ካወራ «ተራ! ጣት!» ይላሉ። እኔ ትልቅ ሴት፣ ልጅ የዳርኩ፣ ጣቴን አወጣሁ እኮ! መሳቢያቸው ውስጥ ከረሜላ አለ፤ ያለቀሰ ይወስዳል፣ ያላለቀሰም ይወስዳል።

የመጀመሪያው ቀን «እርስዎ» ሲሉኝ «አንቺ ይበሉኝ ባክዎ፣ ከኋላዬ ሌላ ሰው የገባ እየመሰለኝ ነው» አልኳቸው። ቀጥዬ ሆዴ ውስጥ የነበረውን ጠየቅኩ።

«ቲቸር፣ ባለትዳር ነዎት?»

«ነበርኩ። ተፋትተናል።»

«ወይ ጉድ! የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ ነው!»

ካፍ ከወጣ አፋፍ፣ ምን ይደረጋል። ባሌ ወንበሩ ውስጥ ሰመጠ። ቲቸር ግን እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «እውነትሽን ነው፣ አረረብኝ» አሉ። «ማረር ሲጀምር ምን ምን እንደሚል ግን አሁን ሽታውን አውቀዋለሁ።» ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወደድኳቸው።

ሰዓቱን ግማሽ እኔ አወራሁ። ያላልኩት የለም። ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት ረድፍ ሙሉ መርፌ ላይ ክር አስገብቼለት እንደምሄድ፣ አንድ ቀን እንኳ «ተባረኪ» ብሎኝ እንደማያውቅ፣ ስንፍናው እንደባሰበት። የስፌት መኪናውን ነገር ግን አላነሳሁም፤ እሱ ቁስሌ ነበር። ቲቸር ወደ ባሌ ዞሩ። እሱም «እምም፣ እምምም» አለ። መላ ሰውነታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ አንገታቸውን አሰገጉ። ከዚያ ወደ እኔ መጡ።

«ምን አለ?»

«እኔን ነው የሚጠይቁኝ? አልሰማው ብሎኝ አይደል እንዴ የመጣሁት!»

«ወንበርሽን አስጠጊና ስሚው። ከዚያ ንገሪኝ።»

እያጉረመረምኩ ወንበሬን ጎተትኩ። «በል ድገመው» አልኩት። ደገመው። «'ይህች ሴት ነዘነዘችኝ' አለ» አልኩ። ባሌ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ቲቸር አዩት።

«እንደሱ አላለም መሰለኝ። ያለውን ብቻ ንገሪኝ፤ ቅመም ሳትጨምሪ።»

ድገመው አልኩትና ጆሮዬን አፉ ሥር ደቀንኩ። ያን ያህል ከተጠጋሁት ዘመን አልፎ ነበር፤ ጨርቅ ጨርቅ ይሸታል።

«'የወንበርዎ ቆዳ ተቀድዷል፣ ልስፋልዎ' አለ» አልኩ።

ትዳሬ እየነደደ ነው፣ ሰውዬው የወንበር ቆዳ ያያል! ቲቸር በሳቅ ፍርስ አሉ፤ እኔም ሳልወድ ሳቅሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ መርፌውን ይዞ መጥቶ ሰፋላቸው።

እንዲህ ሆነን ስንት ቅዳሜ ሄድን። እሱ እምም ይላል፣ ቲቸር «ምን አለ?» ይላሉ፣ እኔ አስተላልፋለሁ። መልእክተኛዋ ራሴ ሆኜ አረፍኩ! ዘዴያቸው ነው ብዬ ነበር፤ የተማረ ሰው ዘዴ አያጣም። ቅመም ስጨምር ባሌ ራሱን ይነቀንቃል፣ ቲቸር ጣታቸውን ያነሳሉ። ቀስ በቀስ በስፒሎቹ ሥር የሚያልፈውን ቃል መለየት ጀመርኩ። ደግሞ የሚገርም ነገር ነው የሚለው። አንድ ቅዳሜ «'ያቺ ሦስተኛዋ ማሽን ተጠገነች ወይ?' አለ» ብዬ ለቲቸር ነገርኩና ደንግጬ ቀረሁ። ማሽኗ መበላሸቷን ለእሱ መቼ ነገርኩት? ጓዳ ውስጥ ለድስቱ ነው ያወራሁት።

ግን የሦስተኛዋ ማሽን ጤና መልስ አይሆነኝም። ቤት ስንመለስ ያው እምምታ ነው፣ ያው የመኪናው መቆም ነው። ሻንጣዬም አልጋ ሥር እንዳለ ነው። የአውቶቡስ ቲኬት ቆረጥኩ፣ ለእሑድ ጠዋት። በዋዜማው ቅዳሜ ለባብሼ ሄድኩና ገና ሳልቀመጥ ጣቴን አወጣሁ።

«ቲቸር፣ ዛሬ መጨረሻዬ ነው። ነገ ልጄ ጋ እሄዳለሁ። ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ይመልስልኝ። ከሥራ መጥቼ አፌን ስከፍት መኪናውን ቀጥ የሚያደርገው ለምንድነው? ድምፄ ያን ያህል አስጠልቶታል? ይናገር! ሆዴ ውስጥ ይዤው መሄድ አልፈልግም።»

ድምፄ ተሰበረ። ባሌ እጆቹን አያቸው፣ ከዚያ ጫማውን። ከዚያ መናገር ጀመረ፤ እንደዚያ ረጅም ሲናገር ከተጋባን ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። ወንበሬን ሳይጠይቁኝ አስጠጋሁ።

«ምን አለ?» አሉ ቲቸር።

«'ሻንጣውን ካየሁት ቆይቻለሁ' አለ።»

«እሺ።»

«'መኪናው እየሠራ ምንም አይሰማኝም' አለ።» ባሌን አየሁት። «ምኑ ነው የማይሰማህ?» አልኩት። እምም አለ። «'የእሷ ድምፅ' አለ። 'መኪናውን የማቆመው እሷን ለመስማት ነው' አለ።»

ይህን ስናገር የራሴን አፍ አላመንኩትም። በእኔው ምላስ ነው የወጣው፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ቅመም የለበትም። ባሌ ቀጠለ፣ እኔም ተከተልኩት።

«'ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ነው የማየው' አለ። 'እሷ ስትገባ ነው ቤቱ ሰው ያለበት የሚመስለው' አለ። 'ልብስ ሊያሰፋ የመጣ ሰው እንኳ ካለ ቆይ እለዋለሁ' አለ። 'ልጅቷ ስትሄድ የቤቱ ግማሽ ሄደ፤ እሷ ደግሞ...'» አለና ቆመ። እኔም ቆምኩ።

ከዚያ ፊቱን ከቲቸር ወደ እኔ አዞረ። ከንፈሩ ሲላቀቅ አየሁት። ሁለት ቃል ነው ያለው፣ ከበፊቱ ሁሉ አሳንሶ፣ ለእኔ ብቻ።

በነጠላዬ ጫፍ አፌን ያዝኩ።

«ምን አለ?» አሉ ቲቸር።

ዝም አልኩ። እኔ! ዝም!

«ምን አለ ልጄ?»

«'እባክሽ አትሂጂብኝ' አለ!» ብዬ ጮህኩ። ላውንደሪ ውስጥ እንኳ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። እንባዬ ፊቴን አጠበው። ከእንባው ጋር ንዴቱም መጣ፤ እኔ እንዲህ ነኝ፣ ሁለቱ አብረው ነው የሚመጡብኝ። «ቲቸር፣ ይኼንንም አልሰሙም? አጠገብዎ እኮ ነው! ምን ዓይነት ዘዴ ነው ሰውን እንዲህ የሚያስለቅስ?»

ቲቸር እጃቸውን ወደ ግራ ጆሯቸው ወስደው ያዙት።

«ዘዴ አይደለም» አሉ ቀስ ብለው። «አልሰማሁትም። ግራ ጆሮዬ ከሞተ ቆይቷል፤ ቀኙም እየደከመ ነው። የመጀመሪያው ቀን ወንበር ተለዋወጡ ልላችሁ ነበር። ለምን ስትሉኝ ምን ብዬ ልመልስ? ፈርቼ ተውኩት። ቡድኑንም የዘጋሁት ለዚሁ ነው፤ ሰው ክብ ሠርቶ ሲቀመጥ ማን እንዳለቀሰ እንጂ ለምን እንዳለቀሰ መስማት አቃተኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔው ጭራሽ ጥሎኝ ሄደ።» ሳቅ ሊሉ ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም። «ሰውን ሁሉ አውጣው፣ ተናገረው እላለሁ፤ የራሴን ደበቅሁ። ከዚህ በኋላ ሌላ ሰው ጋ እልካችኋለሁ። እኔም እዘጋለሁ።»

ቢሮውን መዝጋታቸው እንደሆነ ገባኝ። የራሴን እንባ ረስቼ እጃቸውን ያዝኩ። አንጀቴን በሉት። ጆሮ አጥተው ነው እንዴ ይኼን ሁሉ የሰሙን?

ያኔ ነው ባሌ የተነሳው። ከግድግዳው ወንበር ተነስቶ፣ ዞሮ፣ በቀኛቸው በኩል መጥቶ ቆመ። አፉን ከፈተ። ጥርሱን አየሁት፣ እውነቴን ነው።

«ቲቸር!» አለ፣ መስኮቱ ሊሰነጠቅ ነው። «እኔም ዓይኔ አያይልኝም! ክር በመርፌ ማስገባት ካቃተኝ ቆይቷል! ደንበኛ ከሰማ ይሸሻል ብዬ ደብቄ ነው! ጠዋት ጠዋት የምታስገባልኝ እሷ ናት!»

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እኔ ስንፍና መስሎኝ ስሰድበው! ረድፍ ሙሉ መርፌ በየጠዋቱ ስሰካ የባሌ ዓይን እኔ ሆኜ ኖሬያለሁ ለካ። እየነገረኝ ቢሆን ኖሮ እኮ... ተዉት፣ የእሱን ነገር ስንቱን አነሳዋለሁ።

«እኔ መነጽር ላድርግ» አለ ባሌ፣ አሁንም እየጮኸ፣ «እርስዎም መስሚያውን ያድርጉ!»

ቲቸር አዩትና ከረሜላ መሳቢያውን ከፈቱ። ለእሱ አንድ፣ ለእኔ አንድ፣ ለራሳቸው አንድ። ሦስታችንም ከረሜላ አፋችን ውስጥ ይዘን አለቀስን። እንግዳ ተቀባይዋ ደንግጣ በሩን ገለጥ አድርጋ አይታን መልሳ ዘጋችው።

እሑድ አውቶቡሱ ያለ እኔ ሄደ። ለልጄ ደውዬ «አልመጣም» አልኳት። «ለምን? አባዬ ምን አለ?» አለችኝ። «ራስሽ ጠይቂው፣ እኔ የስልክ ሽቦ አይደለሁም» ብዬ ስልኩን ለእሱ ሰጠሁት። እየተሳሳቁ ቆዩ። ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ጎትቼ ልብሶቼን ወደ ቁም ሳጥኑ መለስኩ።

ኑሯችን በአንድ ቀን ተለወጠ ብዬ አልዋሽም። አሁንም እኔ እጮኻለሁ፣ እሱ እምም ይላል። ግን ከሥራ ስገባ መኪናው ቀጥ ሲል ወደ ሱቁ በር እሄዳለሁ፤ ለድስቱ የማወራውን ለእሱ አወራዋለሁ። እሱም ስፒሉን ከአፉ ያወጣል። መነጽር ገዝቷል፣ ሊቅ አስመስሎታል። ክሩን አሁን ራሱ ማስገባት ይችላል፤ ጠዋት ጠዋት ግን መርፌ መሰኪያውን እኔ የማልፍበት ቦታ ላይ አስቀምጦት አገኛለሁ። አስገብቼለት እሄዳለሁ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቲቸርን ልንጠይቃቸው ሄድን። ታፔላው ላይ ያለው ፕላስተር ተልጦ «ለቡድን» የሚለው ደምቆ ይታያል። ክፍሉ ውስጥ ተጨማሪ ወንበሮች ገብተዋል፣ ሁሉም በክብ። ቲቸር ከተሰፋው ወንበራቸው ተነስተው ጆሯቸውን አሳዩን፤ ባቄላ የምታህል ነገር ገብታበታለች፣ ከኋላ ትንሽ ቁልፍ አላት። «በዚህ ሲያዞሩት ድምፅ ይጨምራል፣ በዚህ ይቀንሳል» አሉን፣ አዲስ ጫማ እንደገዛ ልጅ እየተኩራሩ። ቡድኑ ሲሰበሰብ የመጀመሪያው ቀን አውልቀው ለሁሉም አሳይተው ነው የጀመሩት አሉ። ማንም አልሸሸም። እንዲያውም አንድ ሽማግሌ የራሳቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጆሯቸው ውስጥ ከተቱ።

እኔ የላውንደሪውን ወሬ ጀመርኩ። በደስታ ሳወራ እንዴት እንደምሆን ታውቃላችሁ። ባሌ በዚያ መሃል ወደ ቲቸር ጠጋ ብሎ በድሮው በስፒል ሥር ድምፁ የሆነ ነገር አላቸው። ቲቸር ሰሙት! መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቆመና ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ምን አለ?» አልኳቸው።

ቲቸር ጣታቸውን አነሱ። «እኔን አትጠይቂ። ባልሽ እዚያ ተቀምጧል።»

ዞርኩ። «ምን አልካቸው አንተ?»

ባሌ መነጽሩን አስተካከለ።

«ይህች ስታወራ ቁልፉን ዝቅ ያድርጉት፣ ጆሮዎ እንዳይጎዳ አልኳቸው።»

«አንተ!» ብዬ ትከሻውን መታሁት። «እንዲያው ለአንተም ቢሰጡህ ታጠፋኝ ነበር ማለት ነው!»

«እሱንም ነግሬያቸዋለሁ» አለ፣ አፉን ከፍቶ፣ ቃል በቃል። «ለእኔ ቢሰጡኝ ቁልፉን አልነካውም ነበር አልኳቸው።»